ለንደን ደርሶ መመለስ የሼንገንን 90 ቀን ያድሳል?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃችን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2026 አካባቢ ሴት ልጅ ትወልዳለች ተብሏል። ልጃችን የስዊድን ዜግነት አላት፤ ጀርመን የሄደችው ለሥራ ነው። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። ባለቤቴ ግን ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ሴፕቴምበር 1 ገብተን፣ አርሰናት፣ ክርስትናውን አይተን፣ ገናን አብረን ውለን ልንመለስ ነበር ያሰብነው። ሦስት ወር ሲሞላን ለንደን እኅቴ ጋ አንድ ሳምንት ቆይተን ብንመለስ ቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል ብለውናል። እውነት ነው? በዚህ ዓመት ለዘመድ ሠርግ ሮም ሄጄ ነበር፤ ጁን 5 ገብቼ ጁን 24 ወጣሁ። እሱስ ይቆጠርብኛል?

መልስ፦

ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣት።

ለንደን ደርሶ መመለስ ቀኑን አያድሰውም። የሮሙም ይቆጠርብዎታል። ይታደሳል ብለው የነገሩዎት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። በብዙ አገር የቱሪስት ፈቃድ እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ወጥቶ ሲገባ አዲስ ቀን ይሰጣል። ሼንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር የሌለባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ግን ሌላ ሒሳብ ነው ያለው። እንዳሰቡት ሴፕቴምበር 1 ቢገቡ የመጨረሻ ሕጋዊ ቀንዎ ኖቬምበር 9 ይሆናል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ ሐኪሞቹ ባሉት ቀን ከተወለደች ክርስትናዋ ኖቬምበር 30፣ ኅዳር 21፣ ልክ በጽዮን ማርያም ቀን ይውላል። እርስዎ ያን ጊዜ ከወጡ ሦስት ሳምንት ሊሆንዎት ነው። ደግነቱ፣ ያሉዎትን ቀኖች አስበው ቢደለድሏቸው፣ አንድም ሕግ ሳይጥሱ ልደቱንም፣ መስቀልንም፣ ክርስትናውንም፣ ገናንም ያገኛሉ። መጀመሪያ ግን አቆጣጠሩን እንያዝ።

ሕጉ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነው፦ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። ሰው የሚሳሳተው «ማንኛውም» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። 180ው ቀን ከገቡበት ቀን አይጀምርም፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ተብሎም አልተከለለም። እዚያ ባሉበት በእያንዳንዱ ቀን፣ ያንን ቀን ራሱን አንድ ብለው ወደ ኋላ 180 ይቆጥራሉ። በዚያ ውስጥ በሼንገን አገሮች የነበሩበት ቀን ሁሉ ተደምሮ ከ90 መብለጥ የለበትም። በማግስቱ ያው ቆጠራ አንድ ቀን ወደ ፊት ይገፋል፤ ከኋላ አንድ ቀን ይወድቃል፣ ከፊት አንድ ቀን ይገባል። በዚህ መልክ መቆጠር የጀመረው ከኦክቶበር 18 ቀን 2013 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ስድስቱ ወር ከመጀመሪያው መግቢያ ቀን ይነሣ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተመላለሱ ሰዎች ምክር ዛሬ አይሠራም።

የገቡበትም የወጡበትም ቀን እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አርፈው ፓስፖርት ቁጥጥሩን ከእኩለ ሌሊት በፊት ካለፉ፣ ያ ግማሽ ሰዓት አንድ ቀን በልቷል። ቀን የሚቀየረው እንደ እኛ ልማድ ሲነጋ ሳይሆን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሼንገን ውስጥ ያሉት 29 አገሮች ለዚህ ቆጠራ እንደ አንድ አገር ናቸው፤ የሮሙ ሃያ ቀን ፍራንክፈርት የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ክሮኤሽያ ከ2023 ጀምሮ አባል ናት። ሮማኒያና ቡልጋሪያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል፤ «ሶፍያ ወጣ ብሎ መጠበቅ» የሚባለው የድሮ ዘዴም በዚያው ቀርቷል። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም ሼንገን ውስጥ ናቸው። እንግሊዝ፣ አየርላንድና ቆጵሮስ ግን ውጭ ናቸው።

ለመቁጠር የኛ የቀን መቁጠሪያ ከፈረንጁ ይሻላል። የፈረንጅ ሦስት ወር አንዴ 92፣ አንዴ 90 ቀን ነው፤ «ሦስት ወር» ብለው አስበው በሁለት ቀን የተያዙ ብዙ ናቸው። የኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ 90 ቀን ድፍን ሦስት ወር፣ 180 ቀን ድፍን ስድስት ወር ነው። ጳጉሜን መሐል ከገባች ብቻ አምስት ቀን ይቀንሳሉ፤ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ስድስት። ሮም የገቡት ጁን 5፣ ግንቦት 28 ነው። ስድስት ወር ሲጨምሩ ኅዳር 28፣ ለጳጉሜን አምስት ሲቀንሱ ኅዳር 23፣ ማለትም ዲሴምበር 2። የሮም የመጀመሪያ ቀንዎ ከቆጠራው የሚወድቀው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንድ እየወደቀ፣ ጁን 24 ደግሞ ዲሴምበር 21 ላይ ይወድቃል። እነዚህን ሁለት ቀኖች፣ ዲሴምበር 2ንና ዲሴምበር 21ን፣ ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። የእርስዎ ጉዳይ በሙሉ በእነሱ ዙሪያ ነው የሚዞረው።

አሁን ሴፕቴምበር 1 ቢገቡ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። ሃያው የሮም ቀን ገና አልወደቀም፤ የሚቀርዎ 70 ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ ተደምሮ 61፤ ዘጠኝ ሲጨመር ኖቬምበር 9። ለንደን አንድ ሳምንት ቢሄዱስ? ኦክቶበር 12 ወጥተው ኦክቶበር 18 ቢመለሱ፣ ሁለቱም ቀን ስለሚቆጠሩ የሚተርፍዎ ከ13 እስከ 17 ያለው አምስት ቀን ነው። መጨረሻዎ ከኖቬምበር 9 ወደ ኖቬምበር 14 ይገፋል፤ ከዚያ አያልፍም። የአምስት ቀን ጥቅም ለማግኘት ሁለት ትኬት መግዛት አያዋጣም።

ትንሽ ዘግይተው ቢገቡስ? ሴፕቴምበር 23 ቢገቡ እስከ ዲሴምበር 1 ድረስ 70 ቀን ይሞላዎታል፤ ከሮሙ ሃያ ጋር ልክ 90። በማግስቱ ዲሴምበር 2 ከፊት አንድ ቀን ሲጨመር ከኋላ አንድ የሮም ቀን ይወድቃል፤ አሁንም 90 ነው። እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ ዲሴምበር 21 ይዘልቃል። በ22 ቀን መዘግየት ሙሉ 90 ቀን ሳይቆራረጥ አገኙ ማለት ነው። መስቀልም ክርስትናውም ውስጡ አሉ። የጎደለው ልደቱ ራሱና ገና ናቸው። መመላለስ ለማይፈልጉ ሰዎች ቀላሉ ይህ ነው፤ አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ።

ለእርስዎ ግን ሌላውን እንመርጣለን፤ ምጥ ላይ ያለች ልጅ እናቷን ትፈልጋለችና። ሴፕቴምበር 8 ይግቡ፣ ኦክቶበር 17 ይውጡ፤ ይህ 40 ቀን ነው። ኖቬምበር 22 ተመልሰው ይግቡና እስከ ጃንዋሪ 8 ይቆዩ፤ ይህ 48 ቀን ነው። ጃንዋሪ 8 ላይ ቆመው ወደ ኋላ 180 ሲቆጥሩ ጁላይ 13 ይደርሳሉ፤ ሮም ከዚያ በፊት ስለሆነ ወድቋል። 40ና 48፣ 88። ሁለት ቀን መጠባበቂያ ይተርፋል። መሐሉ ላይ ያለውስ እንዳይበልጥ? ዲሴምበር 1 ላይ 40 የመጀመሪያው፣ 10 የሁለተኛው፣ 20 የሮም፣ 70 ነው፤ ችግር የለውም። ልጅቷ አንድ ሳምንት ዘግይታ ብትወለድ ክርስትናው ወደ ዲሴምበር 7 ይሄዳል፤ ያም ውስጡ ነው። መጠባበቂያውን ሁለት ቀን ግን አስቀድመው አይብሉት። የበረራ መሰረዝ፣ የአየር መንገድ አድማ ወይም በረዶ የሚበላው እሱን ነው።

በመሐሉ ያለውን 35 ቀን ለንደን እኅትዎ ጋ ይቆዩ። ለእንግሊዝ የአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛ ባያስፈልገውም፣ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ አስቀድሞ በስልክ መተግበሪያ የሚወሰድ የጉዞ ፈቃድ፣ ኢቲኤ የሚባለው፣ ይጠይቃል። እሱን ሳይዙ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላኑ አያሳፍርዎትም። የእንግሊዝ ቆይታ እስከ ስድስት ወር ስለሆነ እዚያ ቀን መቁጠር አያስጨንቅም። አዲስ አበባ ቢያሰኝዎትም ቆጠራው አይለወጥም፤ ከሼንገን ውጭ እስከሆኑ ድረስ የት እንደሄዱ ለዚህ ሒሳብ አይመለከተውም።

ቆጠራውን በእጅዎ ከሠሩ በኋላ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ባለው የአጭር ቆይታ ማስያ ያመሳክሩ። የመግቢያና የመውጫ ቀኖችዎን አስገብተው መቆጣጠሪያ ቀኑን ጃንዋሪ 8 ያድርጉት። ቀኑ በፈረንጅ አጻጻፍ ቀን፣ ወር፣ ዓመት መሆኑን ልብ ይበሉ። አሜሪካ የለመድነው ወርን ስለሚያስቀድም፣ ጁን 5ን «06/05» ብለው ቢያስገቡ ማሽኑ ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል፤ ሒሳቡም በሙሉ ይበላሻል።

ድሮ የድንበር ፖሊስ የደበዘዘ ማኅተም እያገላበጠ ነበር የሚቆጥረው፤ የሚያመልጥም ነበር። ዛሬ ያ የለም። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የገባው የመግቢያና መውጫ መዝገብ ፊትዎንና የአራት ጣት አሻራዎን ይዞ ቀኑን ራሱ ይደምራል። የትኛውም የሼንገን አገር ሲገቡ የሮሙም የፍራንክፈርቱም አንድ ላይ ይታያል። መዝገቡ ከወጡ በኋላ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል፤ መውጣትዎ ካልተመዘገበ ደግሞ አምስት ዓመት። ይህ ሁለተኛው ነገር ላጠፋ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። በትክክለኛው ቀን ወጥተው ማሽኑ ሳይመዘግብ ከቀረ፣ በመዝገቡ ላይ አሁንም ጀርመን ያሉ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ኦክቶበር 17 የሚወጡበትን የመሳፈሪያ ወረቀት አይጣሉት፤ ስልክዎ ላይ ብቻ ከሆነም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት። ለንደን የከፈሉበት የባንክ ካርድ ደረሰኝም ያስረዳል። ኖቬምበር 22 የሚገጥምዎት ፖሊስ «አልወጡም ይላል» ቢል መልሱ እጅዎ ላይ ይሁን።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቪዛ ለማያስፈልጋቸው ፓስፖርቶች ኢቲያስ የሚባል ሌላ የጉዞ ፈቃድ በ2026 የመጨረሻ ሩብ ዓመት እንደሚጀምር ተነግሯል፤ ዋጋው 20 ዩሮ፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነጻ ነው። ሁለተኛው መግቢያዎ በዚያ ወቅት ስለሚውል ከመብረርዎ በፊት የአውሮፓ ኅብረትን ይፋዊ ገጽ ይዩ። ከመጀመሩ በፊት «አስቀድመን እናስጨርስልዎ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ገጽ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ፈቃዱ ሲጀምርም 90ውን ቀን አያረዝመውም።

ባለቤትዎ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ወደ አሜሪካ መመለሻ እንጂ ሼንገን መግቢያ አይሆንም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ የግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ያጠበቀው ነገር አለ። ማመልከቻው የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ብዙ ጊዜ መመላለስ የሚያስችል ቪዛም አይሰጥም። ስለዚህ ባለቤትዎ የሚጠብቁት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ነው። ከእርስዎ ጋር ለንደን ከወጡ ቪዛቸው በዚያው አለቀ፤ ኖቬምበር 22 አብረው አይመለሱም። ይህን ሳያውቁ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ትኬት ቆርጠው ኤርፖርት ላይ የሚለያዩት ብዙ ናቸው።

እኛ የምንለው ተፈራረቁ ነው። እርስዎ ከመውጣትዎ በፊት ባለቤትዎ ኦክቶበር 14 ይግቡና እስከ ጃንዋሪ 8 በአንድ መግቢያ ይቆዩ፤ 87 ቀን ነው፤ የቀደመ ቀን ስለሌለባቸው ይበቃቸዋል። እንዲህ ከሆነ አራሷ አንድም ቀን ብቻዋን አትሆንም፤ ከኖቬምበር 22 በኋላም ሁላችሁም አብራችሁ ናችሁ።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ከኦክቶበር 14 ወደ ኋላ 45 ቀን ኦገስት 30 ነው፤ የቀጠሮ ወረፋውን ሲጨምሩበት ፋይሉ ኦገስት አጋማሽ ሳይሞላ መግባት አለበት። ሜሪላንድ ስለምትኖሩ ጉዳያችሁ የሚታየው በዋሽንግተኑ የጀርመን ኤምባሲ ሥር ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከል አይመለስም። ፓስፖርታቸው ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የወጣ፣ ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው፣ ከመውጫ ቀናቸው ሦስት ወር አልፎም፣ ማለትም እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2027 የሚያገለግል መሆን አለበት። የቀረው ጊዜ ካነሰ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ያሳድሱ፤ ቪዛ ክፍሉ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ወረቀት አይቀበልም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገር የሚሠራና 87ቱንም ቀን የሚያካትት ይሁን። ብዙ ሰው ውድቅ የሚደረግበት ኢንሹራንሱ በበረራው ቀን ተጀምሮ ከመመለሻው አንድ ቀን ቀድሞ ሲያልቅ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ጀርመን በሕግ የቆረጠችው የቀን ተመን የላትም፤ እንደ መነሻ ግን በቀን 45 ዩሮ ይታሰባል። ለ87 ቀን 3,915 ዩሮ ይመጣል። የጡረታ ገቢያቸውን የሚያሳይ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ ይህን በቀላሉ ያስረዳል። በማመልከቻው ሰሞን በአንድ ቀን የገባ ብዙ ገንዘብ ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ይኑረው። የራስ ገንዘብ ካልበቃ ልጅዎ የምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ አውስሌንደርቤሆርደ፣ ሄዳ የወጪ ኃላፊነት ትፈርማለች። 29 ዩሮ ነው፤ የገቢዋን ማስረጃ ይጠይቋታል። ዋናው ወረቀት በፖስታ ለአባቷ መድረስ አለበት፤ ቅጂ አይበቃም። ፊርማው ቀላል አይደለም። አባቷ ቢታመሙና ኢንሹራንሱ ባይከፍል ዕዳው በእሷ ላይ ነው። ስለዚህ በራሳቸው ገንዘብ ማመልከት ከቻሉ ያንን እንመርጣለን።

ቪዛው ሲመጣ ተለጣፊውን በደንብ ያንብቡት። ሦስት ነገር አለበት፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ቀን፣ ስንት መግቢያ። ለበረራ መዘግየት ታስቦ አሥራ አምስት የመጠባበቂያ ቀን ስለሚጨመር፣ የባለቤትዎ ቪዛ «እስከ» የሚለው ቦታ ላይ ጃንዋሪ 23 ቀን 2027 ሊጻፍ ይችላል። የቆይታው ቀን ግን 87 ነው የሚለው። ኦክቶበር 14 ከገቡ በ87ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 8፣ መውጣት አለባቸው። ጃንዋሪ 23 የሚጠቅመው ዘግይተው ከገቡ ብቻ ነው። ጃንዋሪ 23ን አይተው «ጥምቀትን ደግሞ እንዋል» ካሉ፣ ከቪዛው ቀን በፊት ወጥተውም ሕግ ጥሰዋል። ተለጣፊው ላይ በብዛት የሚያሳስተው ቦታ ይህ ነው።

ልጅዎ የስዊድን ዜጋ ሆና ጀርመን መኖሯን ሲነግሩን አንድ ሌላ በር አሰብን። በሌላ የኅብረቱ አገር የምትኖር የአውሮፓ ዜጋ በእሷ ድጋፍ የሚኖሩ ወላጆቿን የማምጣት መብት አላት። ቪዛው ያለ ክፍያ ነው፤ የ2024ቱ ጥብቅ ደንብም አይነካቸውም፤ ከሦስት ወር በላይ የመኖሪያ ካርድም ይሰጣል። ጀርመናዊት ሆና ጀርመን ብትኖር ይህ መብት አይሠራላትም ነበር። ቁልፉ ግን «በእሷ ድጋፍ የሚኖሩ» የሚለው ነው። ወላጆቹ በሚኖሩበት አገር፣ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ፣ ለቀለብና ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ በየጊዜው ትልክ እንደነበር በደረሰኝ መታየት አለበት። እናንተ ሁለታችሁም ጡረታ ስላላችሁ ይህን ማስረዳት አይቻላችሁም፤ የሌለውን አለ ማለት ደግሞ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ሁሉ ጠባሳ ይሆናል። ማመልከቻ ቅጹ ላይ የአውሮፓ ዜጋ የሆነ የቤተሰብ አባል የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ «ጥገኛ ወላጅ» የሚለውን ሳጥን ባለቤትዎ እንዳይነኩ። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት መካከል ግን አዲስ አበባ ያለችውን እናቷን በየወሩ እየጦረች፣ ዜግነቷ ከምትኖርበት አገር የተለየ ልጅ ካለች፣ ደረሰኞቿን ዛሬውኑ ትሰብስብ።

የድንበሩ ጥያቄ አጭር ነው፦ የት ያርፋሉ፣ እስከ መቼ፣ መመለሻ ትኬት አለ ወይ። የልጅዎን አድራሻና ስልክ በወረቀት ይያዙ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል። የሁለቱንም መግቢያ ትኬት አትመው ይያዙ፤ ሴፕቴምበር 8 ሲገቡ የጃንዋሪ መመለሻ ብቻ ካሳዩ ፖሊሱ አራት ወር ሊቆዩ ነው ብሎ ያስባል። ለምን መጡ ሲባሉ፣ ልጄ ልትወልድ ነው፣ ልጠይቃት መጣሁ ይበሉ። «ልሠራላት» ወይም «ሕፃን ልጠብቅላት» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲነገር ደመወዝ ያለው ሥራ ይመስላል። አያት የልጅ ልጇን ማቀፏ ሥራ አይደለም፤ ለጎረቤት ልጅ በክፍያ ሞግዚት መሆን ግን ነው፤ ጎብኚ ደግሞ ይህን ማድረግ አይፈቀድለትም። ለእርስዎ ኢንሹራንስ የመግቢያ ግዴታ ባይሆንም ይግዙ። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም፤ አንድ ሌሊት ሆስፒታል መተኛት ከትኬቱ በላይ ያስወጣል።

ምጡ ቢወሳሰብ፣ ወይም እርስዎ ቢታመሙና መብረር ባይችሉስ? በልዩ ምክንያት ቆይታን ማራዘም ይቻላል፤ የሚወስነው ያው አውስሌንደርቤሆርደ ነው። ማመልከቻው ቀኑ ሳያልቅ መግባት አለበት። ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤ «ታማለች» ከሚል ይልቅ «እስከዚህ ቀን ድረስ መብረር አትችልም» ቢል ነው የሚጠቅመው። ልጄ ትፈልገኛለች፣ ወይም ትኬት ተወደደ የሚል ምክንያት አይቆጠርም። የቀጠሮ ቢሮው መልስ ከዘገየ በኢሜይል ያስገቡና የላኩበትን ቀን የሚያሳየውን አትመው ይያዙ። ቀን አልፎ ዝም ብሎ መቆየት ጀርመን ውስጥ በቅጣት፣ በመግቢያ እገዳና በሚቀጥለው ቪዛ መከልከል ሊያልቅ ይችላል፤ ለባለቤትዎ ደግሞ ከእርስዎ በላይ ይከብዳል፤ ቪዛ በጠየቁ ቁጥር ይህ መዝገብ ቀድሞ ይወጣባቸዋል።

አሜሪካ ከአንዳንድ የሼንገን አገሮች፣ ለምሳሌ ከፖላንድና ከዴንማርክ ጋር፣ ለአሜሪካ ዜጎች ተጨማሪ ቀን የሚፈቅድ የድሮ ስምምነት አላት የሚሉም ያጋጥሙዎታል። ስምምነቱ አለ፤ ግን ቀኑ የሚሠራው በዚያው አገር ውስጥ ብቻ ነው፤ የፖላንዱና የዴንማርኩ ፍራንክፈርት ላለች አራስ አይጠቅምም።

በመጨረሻ የባለቤትዎ ግሪን ካርድ። 87 ቀን ከአሜሪካ መራቅ ችግር የለውም። ከፍራንክፈርት በኋላ በቀጥታ አዲስ አበባ ሄደው ፋሲካን ልዋል ቢሉ ግን፣ ፋሲካ በ2027 ሜይ 2 ስለሆነ፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ስድስት ወር ያልፋቸዋል። ዜግነት ሊያመለክቱ ካሰቡ ከስድስት ወር በላይ መቅረት የሚጠየቀውን ተከታታይ ነዋሪነት ያቋረጠ ተደርጎ ስለሚገመት፣ ጃንዋሪ ላይ አንዴ ሜሪላንድ ገብተው ከዚያ ይሂዱ። ለዛሬው ግን ቅድሚያ የሚሰጠው የእሳቸው የቪዛ ቀጠሮ ነው፤ የእርስዎን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እሱን ያስይዙ።